ለወጣት ሰርቬየሮች፦ አንድ ባክሳይት አይበቃም

ልጆቼ፣ ባክሳይት ማለት መለካት ከመጀመራችን በፊት የመሣሪያውን አቅጣጫ ለማስያዝ የምናየው የታወቀ ነጥብ ነው። ሳይት ላይ ደጋግሜ የምሰማት ነገር አለች፦ «ጋሼ፣ ባክሳይቱን ቼክ አድርጌዋለሁ፤ ልዩነቱ 2 ሚሊ ነው።» ደግ። ግን የምኑ ልዩነት? አብዛኛውን ጊዜ የርቀቱ ነው። ርቀት ደግሞ ነጥቡ ወደ እናንተ መቅረቡን ወይም መራቁን እንጂ ወደ ጎን መሄዱን አይናገርም። 60 ሜትር ላይ ያለውን ነጥብ ሎደር ገጭቶት 3 ሳንቲም ወደ ግራ ቢገፋው፣ ርቀቱ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እንኳ አይለወጥም። አቅጣጫው ግን 1 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ይዞራል (የሰዓት ሳይሆን የማዕዘን ደቂቃ፣ የዲግሪ ስድሳኛ)። በዚያ ኦሪየንቴሽን (መሣሪያው በያዘው አቅጣጫ) 300 ሜትር ላይ የምትተክሉት ችካል 15 ሳንቲም ይስታል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ሁሉም ሰላም ነው።

ስለዚህ ሁለተኛ ነጥብ እዩ። ሁለቱ ካልተስማሙ የትኛው እንደዋሸ ስለማይታወቅ ሦስተኛ ምስክር ጥሩ። ከኮኦርዲኔት (ከነጥቦቹ የቦታ ቁጥሮች) የተሰላውን አዚሙት (ከሰሜን የሚቆጠረውን አቅጣጫ) ከመሣሪያው ንባብ ጋር ለእያንዳንዱ ነጥብ አስተያዩት። ልዩነቶቹ 4 ሰከንድ፣ 7 ሰከንድ እና 1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሆነው ከመጡ ዝም ብላችሁ አማካይ አትውሰዱ። አማካዩ 27 ሰከንድ ነው፤ ይህም ደህናዎቹ ሁለቱ ከሚሰጡት ጋር ሲተያይ 300 ሜትር ላይ 3 ሳንቲም ያህል ያሳስታል። መጀመሪያ ሦስተኛው ነጥብ ጋ ሂዱና በዓይናችሁ እዩት። ፕሪዝሙ (ነጥቡ ላይ የሚቆመው አንጸባራቂ) በትክክል ቆሟል? የነጥቡ ቁጥር ራሱ ተሳስቶ ይሆን?

ቅርብ ነጥብ ላይ ደግሞ የሴንተሪንግ (መሣሪያውን ወይም ፕሪዝሙን ልክ ከነጥቡ በላይ የማቆም) ስህተት ብዙ ያስከፍላል። የ3 ሚሊ ሜትር ስህተት 20 ሜትር ላይ 31 ሰከንድ፣ 300 ሜትር ላይ ግን 2 ሰከንድ ብቻ ነው። ረጅሙን እይታ አስበልጡ። ሦስቱ ነጥቦች በአንድ ወገን እንዳይደረደሩም ተጠንቀቁ፤ የቆማችሁበት ነጥብ ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ሦስቱም ተስማምተው ሊያታልሏችሁ ይችላሉ።

አዲስ አበባ ላይ የምትሠሩ ልጆች ስለ ርቀት አንድ ነገር ያዙልኝ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የዩቲኤም (የካርታ ትንበያው) ስኬል ሲጨመርበት መሬት ላይ የሚለካው ርቀት ከግሪዱ (ከኮኦርዲኔት ከሚሰላው ርቀት) በኪሎ ሜትር ወደ 75 ሳንቲም ይበልጣል። ስኬል ፋክተሩን (ይህን ልዩነት የሚያስተካክለውን ማባዣ) ሳታስገቡ 300 ሜትር ላይ ከ20 ሳንቲም በላይ ልዩነት ሲመጣ «ቢኤሙ (የታወቀው ነጥብ ምልክት) ተነቅሏል» ብላችሁ አማካሪውን አታስደንግጡ። (ሲያስደነግጡ አይቻለሁ።)

በሁለቱም ፌስ (ቴሌስኮፑን ገልብጦ ሁለት ጊዜ) ማንበብን ማንም ስለሚያስተምራችሁ አልደግመውም። ይልቅ ዋልካ አፈር ላይ ትራይፖድ ስትተክሉ እግሩን ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡ። በተለይ ከዝናብ በኋላ ጠዋት የተተከለው መሣሪያ ቀን ላይ እዚያው ቦታ የለም። ከሰዓት በኋላ፣ ከመንቀላችሁ በፊት፣ ከጠዋቱ ነጥቦች ቢያንስ አንዱን መልሳችሁ እዩና ንባቡን ፊልድ ቡኩ ላይ ጻፉ። ፎርማኑ «ሚክሰሩ በር ላይ ቆሟል» ይላችኋል። ይቁም፤ አምስት ደቂቃ ኮንክሪት አያደርቅም።