በቤት የተሠራ የሶላር ፓኔል እንጀራ ይሆናል?

ጠያቂያችን በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ናት። ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሴሎች ገዝታ በእጇ የሶላር ፓኔል እየሠራች መብራት ላልገባላቸው የገጠር ቤቶች ብትሸጥ ያዋጣት እንደሆነ ትጠይቃለች።

እህታችን፣ ፓኔሉን ሥሪው፤ ግን አትሽጪው። ምክንያቱን ሥራው ራሱ ያሳይሻል።

78 በ156 ሚሊሜትር የሆኑ ሴሎች ምረጪ። አንዱ ሴል በሙሉ ፀሐይ 0.5 ቮልትና 3.5 አምፔር ገደማ ይሰጣል። 36ቱ በሲሪስ፣ ማለትም ተከታትለው በአንድ መስመር ሲያያዙ 18 ቮልት፣ ማለትም ወደ 63 ዋት ይሆናሉ። በሥራ ላይ መሰበራቸው ስለማይቀር 40 ግዢ። ብዙ ሰው "ባትሪው 12 ቮልት ስለሆነ 24 ሴል ይበቃል" ይላል። አይበቃም። የ12 ቮልት አሲድ ባትሪ እንዲሞላ እስከ 14.4 ቮልት ይፈልጋል። ሴል ደግሞ ሲግል ቮልቴጁ ይቀንሳል፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ 55 ዲግሪ ሲደርስ 18ቱ ቮልት ወደ 16 ይወርዳል፤ ሽቦውና፣ ከተገጠመ ደግሞ ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዳዮድ፣ ግማሽ ቮልት ያህል ይወስዳሉ። ትርፍ የመሰለው ቮልቴጅ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

በብዛት የሚሸጡት ሴሎች ፊታቸው ኔጌቲቭ፣ ጀርባቸው ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ፊት የተነሳው ጠፍጣፋ ሽቦ የሚቀጥለው ጀርባ ላይ ይበየዳል። ሁለት የብየዳ መስመር ላለው ሴል 2 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የተለበጠ የመዳብ ሽቦ 12 ሜትር ገደማ ያስፈልግሻል። መጀመሪያ መስመሩን ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳውን ፍላክስ ቀቢ፤ 60 ዋት የሆነ መበየጃ እስከ 350 ዲግሪ አግለሽ ሽቦው ላይ ሳትጫኚ ቀስ እያልሽ ጎትቺ። ብዙ ጀማሪ የሚሰብረው 25 ዋት መበየጃ ይዞ ነው፤ ሙቀቱን ሴሉ ስለሚወስድበት ሰውየው ይጫናል፣ 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የሴሉ ሲሊከንም ይሰነጠቃል። ስንጥቁ አንዳንዴ በዓይን አይታይም።

9 ሴል በአንድ ረድፍ፣ በድምሩ አራት ረድፍ አድርጊ። ረድፎቹን እርስ በርስ ከማገናኘትሽ በፊት እያንዳንዱን ፀሐይ ላይ አውጥተሽ በመልቲሜትር ለኪ፤ ይህን ደረጃ ፈጽሞ አትዝለዪ። ምንም ሳይያያዝበት አንድ ረድፍ 5.4 ቮልት አካባቢ ማንበብ አለበት። 4.8 ካነበበ አንድ ሴል ሾርት ሆኗል፤ አብዛኛውን ጊዜ የፊቱ ሽቦ የሴሉን ጠርዝ አልፎ ጀርባውን ነክቶ ነው። 4.2 ካነበበ አንዱ ተገልብጦ ተበይዷል። ቮልቴጁ ደህና ሆኖ አምፔሩ ከሌሎቹ ረድፎች ካነሰ ስንጥቅ ወይም በደንብ ያልያዘ ብየዳ ፈልጊ፤ በሲሪስ ውስጥ የደከመው ሴል የሁሉንም ከረንት ይወስናል። አምፔር ስትለኪ ቀዩን ገመድ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ ማዛወር አትርሺ፤ አለበለዚያ የሜትሩ ፊውዝ ይሄዳል።

አራቱ ሲገናኙ 21 ቮልት አካባቢ ካገኘሽ ከፊት 4 ሚሊሜትር መስታወት አድርጊና ዙሪያውን በሲሊኮን ዝጊ። ሲሊኮኑ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ አትጠቀሚው፤ አሲዱ መዳቡን ይበላዋል። የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር ካለሽ ማታ ከረንት እንዳይመለስ ብለሽ ዳዮድ መጨመር አያስፈልግሽም።

እንግዲህ የማይሸጥበት ምክንያት ይህ ነው፦ ፋብሪካ ሴሎቹን በፕላስቲክ ሽፋን መሃል አድርጎ በ150 ዲግሪ ገደማ አየሩን እየሳበ ያጣብቃቸዋል። የቤቱ ፓኔል ውስጥ አየር ይቀራል። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበት ይስባል፣ ሽቦው አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ጀርባው ኮምፔንሳቶ (ስስ የእንጨት ጣውላ) ከሆነ ደግሞ የላላ ብየዳ እንጨቱ ላይ ሲግል እሳት ሊነሳ ይችላል። የፋብሪካ ፓኔል ለ25 ዓመት የኃይል ዋስትና ይዞ ይመጣል፤ አንቺ ይህን ለአንዲት የገጠር እናት ልትሰጪ አትችዪም። ያላትን ጥሪት አውጥታ ነው የምትገዛሽ።

እንጀራው ያለው ተከላና ጥገና ላይ ነው። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እንኳ ከሕዝቡ 35 በመቶ ያህሉ መብራት የሚያገኘው ከዋናው መስመር ውጭ እንዲሆን አቅዶ ነበር። እዚያ የሚፈለገው የቤቱን ፍጆታ አስልቶ በትክክል የሚገጥም ሰው ነው። ለምሳሌ 60 ዋት ፓኔል በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ፣ ከብክነት የሚተርፈውን 70 በመቶ ስንወስድ፣ 210 ዋት ሰዓት ይሰጣል። 5 ዋት የሆኑ አራት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት 100 ይወስዳሉ፤ 25 ዋት ቴሌቪዥን ለአራት ሰዓት ሌላ 100። አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር ከ35 አምፔር ሰዓት ያነሰ አትግጠሚ። ይህን ሂሳብ ደንበኛው ፊት ወረቀት ላይ መሥራት የምትችል ቴክኒሻን ሥራ አታጣም።

ስለዚህ የሠራሽውን ፓኔል ለራስሽ መማሪያ አድርጊው። ጣሪያ ላይ ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያህል አዘንብለሽ አስቀምጪው፤ ዝናብ አቧራውን ያጥብልሻል። ቮልቱንና አምፔሩን ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ እየለካሽ ደብተር ላይ መዝግቢ፤ የአንድ ሴል ግማሽ በካርቶን ሸፍነሽ ለጥቂት ሰከንድ አምፔሩ ምን ያህል እንደሚወድቅ እዪ። ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ ይህን ደብተር ያዢ። በኮሌጅሽ በኩል በሶላር ተከላና ጥገና ለብቃት ምዘና መቀመጥ የምትችዪበትን ደረጃ አሁኑኑ ጠይቂ። ለትብብር ሥልጠና ድርጅት ሲመደብልሽ ደግሞ ከሽያጭ ይልቅ ተበላሽተው የተመለሱ ኮንትሮለሮችና ባትሪዎች የሚፈተሹበት ክፍል እንዲያስገቡሽ ለምኚ።