«ኩሽ» እና «ኢትዮጵያ»፦ ስማችንን ከመጽሐፍ ቅዱስ ያወጣው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እኅታችን ከትናንት በስቲያ ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ልጃቸው ከሚያነበው የእንግሊዝኛ እትም ጋር ሲያስተያዩ፣ በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ግዮን ይከብበዋል የተባለው ምድር በእኛ «ኢትዮጵያ»፣ በልጃቸው ደግሞ «ኩሽ» ሆኖ አገኙት፤ ስለዚህም «ስማችንን ከመጽሐፉ ያወጣው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። በዚህ መድረክ ከእኔ በፊት የጻፉት አባላት አብዛኞቹ ነገሩን የተንኮል ሥራ አድርገው ወስደውታል። እኔም በአንድ ወቅት እንደዚሁ አስቤ ስለነበር አልፈርድባቸውም።

ያደግሁት በወገራ፣ በቤተ እስራኤል መንደር ነው። ቄሶቻችን ኦሪትን የሚያነቡልን በግእዝ ሲሆን፣ ግዮን የሚከብበው ምድር ሲነሣ «ምድረ ኢትዮጵያ» ይሉ ነበር፤ እኛም ልጆቹ ዓባይን እያሰብን ደስ ይለን ነበር። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ወር በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ከገባሁ በኋላ በኡልፓን፣ ማለትም ለአዲስ ገቢዎች በተዘጋጀው የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ዕብራይስጥ ስንማር፣ መምህርታችን ያንኑ ምዕራፍ ከፈተችልን። ጣቴን ከቃል ቃል እያስኬድሁ ስከተል ግዮን የሚለው ላይ ደረስሁና ቀጥሎ «ኩሽ» የሚል አገኘሁ። እጄን አውጥቼ «ኢትዮጵያ የት ሄደች?» አልኋት። እርሷም ምንም ሳትገረም በዕብራይስጡ መጽሐፍ ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲህ የሚባል ቃል እንደሌለ ነገረችኝ። ቤቴ ገብቼ ግን አላመንኋትም፤ ስንት ሌሊት እያገላበጥሁ እንደፈለግሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዕብራይስጡ መጽሐፍ ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን አገር «ኩሽ» ይለዋል፤ ይህም ግብጻውያን ራሳቸው ለዚያ አገር ይጠቀሙበት የነበረው ስም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበሩ አይሁድ ኦሪትን ወደ ግሪክኛ መመለስ ሲጀምሩ፣ የግሪክ አንባቢ ያን ደቡባዊ ምድር የሚያውቀው «አይቲዮፒያ» በሚል ስም ስለነበር ይህንኑ ተኩበት። የግእዙ ብሉይ ኪዳን ደግሞ የተተረጎመው ከዚሁ ከግሪክኛው ነው፤ ቄሶቻችን የሚያነቡትም ኦሪት ከዚያው የወረደ ነው። እንግዲህ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ወደ እኛ የመጣው በእስክንድርያ በኩል ዞሮ ሲሆን፣ የልጅዎ እትም ግን በቀጥታ ዕብራይስጡን ተከትሏል። ማንም ያወጣው ነገር የለም።

ይህንን ለማረጋገጥ ሌላ ቋንቋ ማወቅ አያስፈልግም። በያዙት አማርኛ ዘፍጥረት 10፥6ን ይክፈቱ፤ የካም ልጆች ሲቆጠሩ «ኩሽ» የሚለው ስም እንዳለ ተቀምጧል። በዕብራይስጡ በምዕራፍ 2 እና በምዕራፍ 10 ያለው ቃል አንድ ነው። የግሪክ ተርጓሚዎች ስሙ የሰው ሲሆን «ኩሽ» ብለው ተዉት፣ የአገር ሲሆን ግን «አይቲዮፒያ» አሉት፤ እኛም ያንን አካሄድ እንዳለ ወረስን።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ነቢያቱ ኩሽ ሲሉ የትኛውን ምድር ማለታቸው ነበር የሚለው ነው። ሕዝቅኤል 29፥10 የግብጽን ምድር ከዳር እስከ ዳር ሲናገር እስከ ሴዌኔ፣ እስከ ኢትዮጵያ ዳርቻ ድረስ ይላል። ሴዌኔ የዛሬዋ አስዋን ናት። ስለዚህ የኩሽ ድንበር የሚጀምረው ከአስዋን ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በስተ ደቡብ በዓባይ ዳር የኩሽ ዋና ከተሞች ከርማ፣ ናፓታና መርዌ በተከታታይ የነበሩበት፣ በዛሬው አጠራር የሰሜን ሱዳን ምድር ይመጣል። በሁለተኛ ነገሥት 19፥9 የአሦርን ንጉሥ ሊወጋ ወጣ የተባለው ቲርሐቅም ግብጽን ጭምር የገዛው የኩሽ ንጉሥ ታሃርቃ ሲሆን፣ መቃብሩ ሱዳን ውስጥ ኑሪ በተባለው ስፍራ ይገኛል። በአዲስ ኪዳን «ህንደኬ» የተባለችውም ብትሆን፣ ስሟ የአንዲት ሴት መጠሪያ ሳይሆን በመርዌ ለንግሥታት ይሰጥ የነበረ ማዕረግ ነው።

ግሪኮቹ ጋ ያለው አጠቃቀም ከዚህ የላላ ነው። «አይቲዮፕስ» ማለት ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ ማለት ሲሆን፣ ባለቅኔው ሆሜር ፀሐይ በምትገባበትም በምትወጣበትም የሚኖሩ በሁለት የተከፈሉ ሕዝቦች አድርጎ ይጠራቸዋል። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ግን መርዌን የኢትዮጵያውያን እናት ከተማ ብሎ ቦታውን ለይቶ አስቀምጧል። እኔ ተርጓሚነት በጀመርሁበት ዘመን ለአንድ ማተሚያ ቤት ስለ ጥንቱ ዓለም የሚናገር ጽሑፍ ስመልስ፣ ይህን ሁሉ ያለ አንዳች ማብራሪያ «ኢትዮጵያ» ብዬ አለፍሁት። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ አንድ ጡረተኛ መምህር ደውለው «ልጄ፣ መርዌ በየትኛው ክፍለ ሀገር ነው ያለችው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ያቀረብሁትን ነው ያተመው።

እዚህ ላይ ግን አንዳንድ ሰዎች ወደ ሌላው ጥግ ይሮጡና ኢትዮጵያ የሚለው ስም የእኛ አይደለም፣ በቅርብ ጊዜ የተወሰደ ነው ይላሉ። ይህም አይሆንም። ከተጓዦች ጋር በአስተርጓሚነት አክሱም ሄጄ ወደ ንጉሥ ካሌብ መቃብር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ የቆመውን የ4ኛው መቶ ዓመት የንጉሥ ዒዛናን ድንጋይ አይቻለሁ። ጽሑፉ በአንድ በኩል ግሪክኛ፣ በሌላው በኩል ግእዝ ነው። ንጉሡ የሚገዛቸውን አገሮች ሲዘረዝር በግእዙ «ሐበሠት» ያለውን ቦታ በግሪክኛው «የአይቲዮፕስ ንጉሥ» ብሎታል። በዚያው ዝርዝር መጨረሻ ላይ ደግሞ «ካሱ» የሚል ይመጣል፤ ይህም ኩሽ ነው። ልብ ይበሉ፣ በአንድ ድንጋይ ላይ ኢትዮጵያና ኩሽ ሁለት የተለያዩ አገሮች ሆነው ተቆጥረዋል፤ በኋላ ባቆመው በሌላ ጽሑፍም ንጉሡ ወደ ካሱ እንደ ባዕድ አገር መዝመቱን ይናገራል። እንግዲህ የአክሱም ቤተ መንግሥት ይህንን ስም ለራሱ መጠቀም ከጀመረ ከ1,600 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያ ዘመን ግን ከሕዝቅኤል በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት ያለፉበት ነው። ስሙን ከኩሽ ልጅ ከኢትዮጲስ የሚያመጣው የአገራችን ትውፊትም ሁለቱን ስሞች በዘር ሐረግ ያስተሳስራቸዋል።

ዛሬ «ኩሽ» የሚለው ቃል በሦስት የተለያዩ ቦታዎች፣ ይኸውም ለጥንቱ አገር፣ ለቋንቋ ቤተሰብና ለስድብ ስለሚውል ጠብ የሚነሣው በአብዛኛው ከዚያ ነው። የቋንቋ ምሁራን ኦሮምኛን፣ ሶማልኛን፣ አፋርኛን፣ ሲዳምኛንና አገውኛን «ኩሻዊ» ሲሉ ስያሜው የወጣው በቅርብ መቶ ዓመታት ሲሆን፣ ከጥንቱ መንግሥት ቋንቋ ጋር አንድ ናቸው ማለት አይደለም፤ ብዙ አጥኚዎች የመርዌን ቋንቋ የሚያስጠጉት ወደ ኑብያ ቋንቋዎች ነው። በእስራኤል መንገድ ላይ ደግሞ «ኩሺ» ስድብ ነው። ልጄ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች አውቶቡስ ውስጥ ተብላው መጥታ ቃሉ በቶራ (በኦሪት) ውስጥ መኖሩን ስነግራት፣ «እዚያም እየሰደቡን ነው?» አለችኝ። አይደለም፤ አሞጽ 9፥7 እስራኤልን ከኩሽ ልጆች ጋር ሲያስተካክል በቃሉ ውስጥ ንቀት የለበትም፣ ኤርምያስም 13፥23 ላይ ኩሻዊ ቆዳውን መለወጥ ይችላልን ሲል የሚናገረው ስለማይለወጥ ነገር ነው። የሚገርመው፣ በዚህ ጥቅስ ዕብራይስጡ «ቆዳውን» ያለውን የአማርኛው ተርጓሚ «መልኩን» ብሎ አለስልሶታል።

እኅቴ በመጨረሻ የአማርኛውም ይታረም ወይ ብለው ነበር። እኔ በበኩሌ አይታረም ባይ ነኝ። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው መዝሙር በግእዙ ስንት መቶ ዓመት ሲዜም ኖሮ፣ አሁን ቃሉን ብናወጣ የሚጸልይበትን ሰው እናደናግራለን እንጂ ለዕብራይስጡ የምንጨምርለት የለም። የግርጌ ማስታወሻ ግን ያስፈልጋል፤ በተለይ ሕዝቅኤል፣ ነገሥትና ኢሳይያስ ላይ የቦታው ነገር ስለሚጎላ። እስከዚያው ድረስ ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ሲያነቡ፣ ከዘፍጥረት 10 እና ከሕዝቅኤል 29 ይጀምሩ፤ ካርታም ይኑራችሁ፣ አስዋን ከየት እንደምትገኝ በጣቱ እንዲያሳይዎት።