የሱዙኪ ሻሲ፣ የሂሉክስ አክስል፣ የናፍጣ ሞተር፦ ከየቱ ልጀምር?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንድ አንባቢያችን ሞተሩ የሞተ ሱዙኪ ሳሙራይ አለው፤ ቦዲውና ሻሲው ደህና ናቸው። ከተለያዩ መኪናዎች የወጡ ሁለት የሂሉክስ አክስሎች ሰብስቧል፣ አንዱ የፊት አንዱ የኋላ። በዚያ ላይ ባለ 2.4 ሊትር የሂሉክስ ናፍጣ ሞተር ከነካምቢዮው አግኝቷል። ካምቢዮው ግን በኋላ እግሩ ብቻ ከሚሄድ መኪና ስለወጣ ትራንስፈር (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያከፋፍለው) የለውም። ሳሙራዩ የራሱ ትራንስፈር አለው። «ሞተሩን በዚህ ሳምንት ላስቀምጠው ነው፣ መያዣውን የት ጋ ልበይድ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትበይድ። ሞተር ያጓጓል፣ ገባኝ። ሁሉም ሰው ከሱ ነው የሚጀምረው። እንዲህ ዓይነት ቅልቅል መኪና ግን የሚታሰበው ከመሬት ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ አክስል፣ ከዚያ ትራንስፈር። ሞተሩ እነሱ በተዉለት ቦታ ይገባል።

ከአክስሎቹ ሬሾ እንጀምር፤ ጎማዎቹ አንድ ዙር ሲዞሩ ዘንጉ ስንት ዙር ይዞራል ማለት ነው። ከሁለት መኪና ከወጡ እኩል ናቸው ብለህ አትገምት። ሂሉክስ 4.10ም አለው፣ 4.56ም አለው፣ ሌላም አለው። ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም። አክስሉን መቆሚያ ላይ አስቀምጥና ፒኞኑ (ዘንጉ የሚታሰርበት የዲፈረንሻሉ መግቢያ) ላይ በጠመኔ መስመር አድርግ። አንዱን ጎን እንዳይዞር እሰረው። ሌላውን ጎን 20 ዙር እያዞርክ የፒኞኑን ዙር ቁጠር። 41 ከመጣ 4.10 ነው። 45 ተኩል ገደማ ከመጣ 4.56 ነው። አንዱ ጎን ሲታሰር ዲፈረንሻሉ ራሱ የሚዞረው ግማሹን ስለሆነ ነው 20 ዙር ያልኩህ። አንዱን አስረህ ሌላው አልዞርም ካለህ ሎክ (ሁለቱን ጎን አብሮ የሚያስር) አለው ማለት ነው፤ እንኳን ደስ አለህ፣ ሁለቱንም ጎን አብረህ 10 ዙር አዙርና ቁጠር።

4.10 እና 4.11 ቢሆኑ ችግር የለውም፣ እለፈው። 4.10 እና 4.56 ከሆኑ ግን ፊትና ኋላ ከአሥር በመቶ በላይ ተለያዩ ማለት ነው። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ላይታወቅህ ይችላል። ደረቅ ድንጋይ ላይ ግን ሁለቱ አክስሎች ይጎታተታሉ፣ ከዚያ ወይ ክሮቼራው (የዘንጉ ጫፍ መስቀል መጋጠሚያ) ወይ ትራንስፈሩ ይከፍላል። ደግነቱ የሂሉክስ ዲፈረንሻል ከነሙሉ አካሉ በቡሎን ተፈቶ ከአክስሉ ቤት ይወጣል። ተመሳሳዩን ፈልገህ ቀይረው። ፒኞንና ኮሮና (ፒኞኑ የሚያዞረው ትልቁ ጥርስ) ለብቻ ገዝቶ ማስተካከል ልምድ ይጠይቃል፣ አልመክርህም።

የፊቱን አክስል ስታይ ዲፈረንሻሉ ወደ ቀኝ ነው ወይስ ወደ ግራ የሚለውን ልብ በል። የትራንስፈሩም የፊት መውጫ በዚያው ጎን መሆን አለበት። ተቃራኒ ከሆኑ ዘንጉ ሞተር ሥር አቋርጦ ሊያልፍ አይችልም። ያኔ አንዱን መቀየር ግድ ነው።

አሁን ወደ ትራንስፈሩ። የሳሙራይ ትራንስፈር ከካምቢዮው ተለይቶ ለብቻው ነው የሚቀመጠው፣ የሚያገናኛቸው አጭር ዘንግ ነው። ስለዚህ ያንተን ካምቢዮ ከሱ ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ብዙዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። የሚረሱት ነገር ግን አለ። ይሄ ትራንስፈር በሃይ (በፈጣኑ ማርሹ) እንኳን ቀጥታ አያስተላልፍም፤ 1.409 ይቀንሳል። በሎው (በዝግተኛው፣ በጉልበቱ ማርሹ) 2.268 ነው። ሱዙኪው ከፍ ባለ ዙር የሚሠራ ትንሽ ቤንዚን ሞተር ስለነበረው ተስማምቶት ነበር። ናፍጣህ ግን በዝቅተኛ ዙር ነው ሥራውን የሚሠራው።

እስቲ እናስላው። 1.409 በ4.10 ሲባዛ 5.78 ይመጣል። 31 ኢንች ጎማ ብታስር አንድ ዙር ሲዞር 2.4 ሜትር አካባቢ ይሄዳል። በአራተኛ ማርሽ፣ ማለትም አንድ ለአንድ፣ በ3000 ዙር 75 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ትሄዳለህ። ሃዩ ቀጥታ የሆነ ትራንስፈር ቢኖርህ በዚያው ዙር 105 ትደርስ ነበር። ልዩነቱ አስፋልት ላይ ስትወጣ ጆሮህ ይነግርሃል። ሎው ላይስ? የመጀመሪያ ማርሽህ 3.95 ነው ብንል በአጠቃላይ 37 ለ1 ይጠጋል። የሂሉክስ ትራንስፈር 2.28 ስለሆነ እሱም ያንኑ ይሰጥሃል። እንግዲህ የሳሙራዩ ትራንስፈር ሎው ላይ አላተረፈህም፣ ሃይ ላይ ግን አከሰረህ። በዚያ ላይ የተሠራው ለ1.3 ሊትር ሞተር ነው፤ የናፍጣህን ጉልበት በትልቅ ጎማ ስታሸክመው ዕድሜው ያጥራል። መኪናው ሁሌም በሌላ መኪና ተጭኖ ሄዶ ድንጋይ ላይ ብቻ የሚነዳ ከሆነ ይሁን። እየነዳኸው የምትሄድ ከሆነ ግን ካምቢዮህን በባለ አራት እግር የሂሉክስ ካምቢዮ ከነትራንስፈሩ ለውጠው። እኔ ብሆን ይሄን ነው የማደርገው።

ርዝመትም አለ። የሳሙራይ የፊትና የኋላ አክስል ርቀት 2030 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ናፍጣ ሞተር፣ ካምቢዮና ትራንስፈር ስትደረድርበት የኋላው ዘንግ ክንድ ታክል ይሆናል። አጭር ዘንግ ደግሞ አክስሉ በወረደ ቁጥር አንግሉ ይከፋል። የፊቱን አክስል ትንሽ ወደፊት፣ የኋላውን ወደ ኋላ መግፋት ብዙ ነገር ያቀልልሃል።

ይሄን ሁሉ የምታውቀው መሬት ላይ ደርድረህ ስታየው ነው። ከየባሌስትራው ዋናውን ቅጠል ብቻ አስቀርተህ ሌሎቹን አውጣ። ጎማዎቹን እሰር፣ ሻሲውን በግንድ ደግፈህ መጨረሻ ላይ በሚቆምበት ከፍታ አቁመው። ባንድ ቅጠል ብቻ ስለተያዘ አክስሉን በክሪክ በቀላሉ ከፍና ዝቅ ታደርገዋለህ። የፊቱን እስከ ላይ አንሳው። ዲፈረንሻሉ የሞተሩን የዘይት ቋት ይነካል? የመሪው ዘንግስ ሻሲውን ይመታል? ሞተሩ የሚቀመጥበትን ከፍታ የሚወስንልህ ይሄ ነው።

የሂሉክሱ አክስል ከሱዙኪው ስለሚሰፋ የባሌስትራ መቀመጫዎቹ ከሻሲው ጋር አይገጥሙም፤ ቆርጠህ አዲስ ታደርጋለህ። በነጥብ ብቻ ያዛቸው። ሙሉ ብየዳው ሞተሩም ቦዲውም ገብቶ ክብደቱ ጎማ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ዘንጉ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ክሮቼራ ካለው የሁለቱ አንግል እኩል ይሁን፣ አለዚያ መኪናው ይንቀጠቀጣል። የፊቱን ፒኞን ለዘንጉ ብለህ ወደ ላይ አታዙረው። አብሮት ካስተሩ (የመሪው ማዞሪያ ወደ ኋላ ያዘነበለበት አንግል) ይጠፋል፣ መሪው አይመለስልህም። ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ይኑረው። ስትበይድ ባትሪውን ፍታ፤ የአክስሉን ቱቦ ደግሞ እየዘለልክ፣ እያቀዘቀዝክ በይደው፣ አለዚያ ይጣመማል።

ፍሬኑ ላይ የሱዙኪውን ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይት የሚገፋውን) ልተው እንዳትል። የሂሉክስ ካሊፐር ብዙ ዘይት ይፈልጋል፣ ትንሹ ማስተር አያደርስለትም፤ ፔዳሉ መሬት ይወርዳል። ከአክስሎቹ ጋር የሚሄደውን የሂሉክስ ማስተር ፈልግ። የሱዙኪው ቸርኬ ባለ አምስት ቀዳዳ፣ የሂሉክሱ ባለ ስድስት ስለሆነ ትርፍ ጎማህንም አብረህ አስብበት።

ለጊዜው ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ የሁለቱን አክስል ቆጠራ፣ የፊቱ ዲፈረንሻል በየት በኩል እንዳለ፣ ከሞተሩ ፊት እስከ ካምቢዮው ጫፍ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ።