«ክሪፕ ምንድን ነው?» ሲሉሽ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የደሴ ልጅ ነሽ፣ በሲቪል ምህንድስና ተመርቀሻል። ቃለ መጠይቅ ላይ በእንግሊዝኛው ቃል «ክሪፕ (creep) ምንድን ነው?» ሲሉሽ «ቀስ ብሎ መዳህ» አልሽ። «በሥራችን ማለታችን ነው» ሲሉሽ ግን ቃል ጠፋብሽ። አሁን የእንግሊዝኛ ኮርስ ልመዝገብ ወይ ትያለሽ።

ለዚህ ብለሽ ብር አታውጪ። መልስሽ ትክክል ነው፣ ግን አልጨረስሽውም። ድመት አድብታ ስትጠጋም፣ ሐረግ ግድግዳ ላይ ሲወጣም ያው ቃል ነው። መሐንዲስ ሲጠይቅሽ ግን መጀመሪያ ስለ ኮንክሪት አውሪ። ኮንክሪት ጭነት ሲያርፍበት ወዲያው ጥቂት ይጎብጣል። ከዚያ አንድ ኪሎ እንኳ ሳይጨመርበት ለዓመታት ቀስ እያለ መጉበጡን ይቀጥላል፤ ክሪፕ የሚሉት ይኼን ነው። ፓላው በምትባለው የፓስፊክ ደሴት አገር በፈረንጆች 1977 የተሠራ ድልድይ ነበር። ከምሰሶ እስከ ምሰሶ 241 ሜትር ነው። መሐሉ እያደር ከ1 ሜትር በላይ ረገበ፤ አንዱ ዋና ምክንያት ክሪፕ ነው። በ1996 ተጠገነ፣ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት ፈረሰ። እንዲህ ያለ ምሳሌ ስትጠሪ ጠያቂው ቀና ብሎ ያይሻል።

ብረት ላይ ደግሞ ነገሩ የሚብሰው በከፍተኛ ሙቀት ነው። እሱን ለመካኒካል መሐንዲሶች ተዪላቸው።

የአፈሩን ክሪፕ ግን አትለፊው፤ አገርሽ ተራራ ነው። ጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ ወደ ቁልቁል ያዘመመ አጥር ታውቂ የለ? ክረምት ላይ አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ወደ ውጭ ይገፋል። በጋ ደርቆ ሲሟሽሽ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። በዓመት የሚሄደው ብዙ ጊዜ በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው። እንደ ናዳ በአንዴ አይወርድም፤ ሆኖም አጥሩን ያዘምማል፣ የድጋፍ ግንብም ይገፋል። ይኼን እንግሊዝኛሽ ቢሰባበርም ማስረዳት ትችያለሽ።

ፕሮጀክት ላይም ክሪፕ አለ፤ ሥራው ሳይታወቅ ቀስ በቀስ ሲበዛ ማለት ነው። ባለቤቱ ዛሬ «አንዲት ክፍል ጨምሩልኝ»፣ ነገ «በረንዳውን አስፉልኝ» ይላል። ውሉ ግን እንደነበረ ነው። ሥራው እያበጠ ጊዜውና ብሩ ያልቃል። «ምን ታደርጊያለሽ?» ካሉሽ፣ «ለውጡን በጽሑፍ አስፈርሜ፣ ዋጋና ጊዜ አስጨምሬ እቀጥላለሁ» በይ።

ሌላ ጊዜ ጥያቄው ግልጽ ካልሆነልሽ ዝም አትበይ። «ኮንክሪቱን ነው ወይስ አፈሩን?» ብለሽ መልሰሽ ጠይቂ፤ ነውር የለውም። እስከዚያው ያዘመመውን አጥር በስልክሽ አንሺና ለምን እንዳዘመመ ለታናሽሽ አስረጂው። እሱ ከገባው ለቃለ መጠይቁም ይበቃሻል።