መልስ፦ ቶንቡሪ በእርግጥ የንጉሥ መዲና ነበረች?

«ባንኮክ ውስጥ ከወንዙ ማዶ ያለችው ቶንቡሪ ዋና ከተማ ነበረች የሚባለው እውነት ነው? ለማየትስ ታስኬዳለች?» ብለው ጠይቀዋል። አዎን፣ እውነት ነው። በርማዎች እ.ኤ.አ. በ1767 የያኔዋን የሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) መዲና አዩታያን አቃጥለው ሲያወድሙ፣ ታክሲን የተባለ የጦር አዛዥ ሠራዊት አሰባስቦ አገሩን ነጻ አወጣና በቻኦ ፕራያ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ምሽግ ባለባት በቶንቡሪ ነገሠ። በ1782 ከዙፋኑ ወርዶ ተገደለ፤ ተተኪው ቀዳማዊ ራማ መዲናውን ወደ ምሥራቁ ዳርቻ አሻገረው። አገር ያቆመ ንጉሥ እንዲህ መውደቁ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ይሂዱ እላለሁ። ከታ ቲየን ወደብ በትንሽ ጀልባ ተሻግረው ዋት አሩን ከተባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ይደርሳሉ። በቻይና ሸክላ ስብርባሪ የተለበጠው ረጅሙ ግንብ ግን የታክሲን ሥራ አይደለም፤ የተሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የእርሱ ቤተ መንግሥት አጠገቡ ባለው የባሕር ኃይል ግቢ ውስጥ ስለሆነ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። እኔ ከሁሉ የምወደው ኩዲ ቺን የሚባለውን ሰፈር ነው። ታክሲን ለፖርቱጋሎች መሬት የሰጠው እዚያ ሲሆን፣ የሳንታ ክሩዝ ቤተ ክርስቲያን አሁንም አለ፤ የልጅ ልጆቻቸውም በእንቁላልና በዱቄት የሚጋግሩትን የቆየ ኬክ እስከ ዛሬ ይሸጣሉ። ጠዋት ይሂዱ፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ያደክማል።