ቡድን ከተማ የሚለቀው ደጋፊ ስላጣ ነው? ስለ ቤዝቦል ላነሳችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

የኦክላንዱ ቤዝቦል ቡድን (ስሙ «አትሌቲክስ» ነው) ወደ ላስ ቬጋስ ለመሄድ ከተማውን ከለቀቀ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ የናሽናልስ ደጋፊም ነኝ። ናሽናልስ ራሱ ከካናዳዋ ሞንትሪያል ተነቅሎ የመጣ ቡድን ስለሆነ ጉዳዩ ይነካኛል። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቡድን እንዴት እንደ ሱቅ ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል? እኛ ጋ ጊዮርጊስ ሐዋሳ ሊገባ ነው ቢባል ማን ዝም ይላል?

ማንም። እዚህ ግን አሠራሩ ሌላ ነው። ትልቁ የቤዝቦል ሊግ (ሜጀር ሊግ) ውስጥ 30 ቡድኖች ብቻ አሉ፤ መውረድም መውጣትም የለም። ቦታው የከተማው ሳይሆን የባለቤቱ ንብረት ነው። ከቡድን ባለቤቶቹ ሦስት አራተኛው ከተስማሙለት ይሄዳል። ደጋፊውን የሚጠይቀው የለም። ቡድን የሌላቸው ትልልቅ ከተሞች ስላሉ ደግሞ ባለቤቱ «ስታዲየም ካልሠራችሁልኝ ቻው» ማለት ይችላል።

ጥያቄ፦ ስታዲየሙ ባዶ ከሆነ ባለሀብቱ ምን ያድርግ ታዲያ? እስከ መቼ ይክሰር?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማን ባዶ እንዳደረገው እንይ። የሞንትሪያሉ ኤክስፖስ፣ ማለትም የዛሬው ናሽናልስ፣ በ1969 ሲቋቋም ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያው የሊጉ ቡድን ነበር። በ1982 እና በ1983 በየዓመቱ ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ገብቶ አይቶታል። ቤዝቦል የማይወድ ከተማ ይህን ያህል ሰው ከየት ያመጣል?

በ1994 ደግሞ 74 አሸንፎ፣ 40 ተሸንፎ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ነበር። ነሐሴ ላይ የሊጉ ተጫዋቾች በሙሉ ሥራ አቆሙ፣ የዓመቱ ዋንጫም ተሰረዘ። በሚቀጥለው ዓመት ጨዋታው ሳይጀመር ባለቤቶቹ ገንዘብ ለመቆጠብ ላሪ ዎከርን፣ ማርኪስ ግሪሶምን፣ ኬን ሂልንና ጆን ዌትላንድን በቀናት ውስጥ ለቀቋቸው። ፔድሮ ማርቲኔዝም በ1997 መጨረሻ ወደ ቦስተን ተላከ። ደጋፊው የወደደው ተጫዋች ሁሉ ሲሸጥ እያየ ለምን ትኬት ይግዛ?

ስታዲየሙም አላገዘም። በ1991 አንድ 55 ቶን የሚመዝን ኮንክሪት ወድቆ ቡድኑ የቀሩትን ጨዋታዎች በሰው ሜዳ ጨረሰ። በ2000 ጨዋታዎቹ በእንግሊዝኛ ቴሌቪዥን ጭራሽ አልታዩም። በ2002 ሊጉ ራሱ በ120 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2003 እና በ2004 በየዓመቱ 22 «የሜዳው» ጨዋታዎችን ፖርቶ ሪኮ ወስዶ አጫወተው። ከዚያ ሁሉ በኋላ «በአማካይ 9 ሺህ ሰው ብቻ ነው የሚገባው» ተባለ። እኔ ይሄን የደጋፊ ጥፋት አልለውም። በስንብቱ ጨዋታ እኮ ከ31 ሺህ በላይ ሰው ገብቷል።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተንስ ከዚያ በፊት ሁለት ቡድን አጥታ የለ? ለምን ሦስተኛ ተሰጣት?

ልክ ነሽ እህቴ። አንደኛው ከ1960 በኋላ ወደ ሚኒሶታ፣ ሁለተኛው ከ1971 በኋላ ወደ ቴክሳስ ሄደዋል። በ1971ቱ የመጨረሻ ጨዋታ ዋሽንግተን 7 ለ 5 እየመራች፣ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ተጫዋች ማስወጣት ብቻ ሲቀር፣ የተናደደ ደጋፊ ሜዳውን ወረረው። ፎርፌ ተሰጠባት። ከዚያ 33 የውድድር ዘመን ያለ ቤዝቦል አለፈ።

ሦስተኛው የመጣው ከተማዋ ለስታዲየም ገንዘብ ለማውጣት ስለተስማማች ነው፤ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሕዝብ ገንዘብ ወጥቷል። በ2005 አሮጌው አርኤፍኬ ስታዲየም 2.7 ሚሊዮን ሰው ገባ። ሕዝቡ ሲዘል ተንቀሳቃሹ መቀመጫ አብሮ ይዘል ነበር! በ2019 ዋንጫ በላን። ስለ ሞንትሪያል ሳስብ ግን ዛሬም ቅር ይለኛል።

ጥያቄ፦ የጎረቤት ከተማው የባልቲሞር ቡድን ናሽናልስ አጠገቡ ሲመጣ አላኮረፈም?

በጣም እንጂ። ለማባበል ከሁለቱ ቡድኖች የጋራ ቴሌቪዥን ጣቢያ ትልቁ ድርሻ ተሰጠው። በዚያው ገንዘብ ሁለቱ ቡድኖች ከአሥር ዓመት በላይ ተካሰዋል።

ጥያቄ፦ ኦክላንድም እንደ ሞንትሪያል ነው?

ቁርጥ። ከ2021 በኋላ ኮከቦቹ ማት ኦልሰንና ማት ቻፕማን ተሸኙ፣ ትኬት ተወደደ፣ ሰው ቀረ። ሰኔ 13 ቀን 2023 ግን ደጋፊዎች ተጠራርተው 27,759 ሆነው መጡ። ብዙዎቹ «ሽጥ» የሚል አረንጓዴ ቲሸርት ለብሰው ነበር፤ መልእክቱ ለባለቤቱ ለጆን ፊሸር ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ባለቤቶቹ በሙሉ ድምፅ ዝውውሩን አጸደቁ። ላስ ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት ለስታዲየሙ እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር መድባለታለች። እስከዚያው ደግሞ ከ2025 ጀምሮ ሳክራሜንቶ አጠገብ 14 ሺህ ሰው በሚይዝ ሜዳ መጫወት ጀመረ።

ጥያቄ፦ ከተማ ምንም ማድረግ አይችልም ማለት ነው?

ይችላል፤ ውሉን አጥብቆ ይያዝ። በ2001 መጨረሻ ባለቤቶቹ ሁለት ቡድን ለማፍረስ ድምፅ ሰጥተው ነበር። ኤክስፖስና የሚኒሶታው ትዊንስ ስማቸው ተነሣ። የሚኒሶታ ፍርድ ቤት ግን ትዊንስ የስታዲየም ኪራይ ውል ስላለበት በ2002 እዚያው እንዲጫወት አዘዘ። ዕቅዱ በዚያው ተሰናከለ። ሊፈርስ የነበረው ትዊንስ በዚያ ዓመት ምድቡን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በ2010 ደግሞ አዲስ ስታዲየም ገባ።