ሥራው ያላለቀ ቮልስ እንዴት ይሸጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አባታችን ያቆዩልን የ1966 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ 1300 አለችን። ቤታችን ከገባች 31 ዓመት ሆናት። ላድሳት ብዬ ሞተሯን ካስወረድኩ ስድስት ዓመት አለፈ። የቀኝ ወለሏ በአዲስ ላሜራ ተቀይሯል፣ የግራው ገና ነው፤ የተፈታው ዕቃ በካርቶንና በማዳበሪያ ከረጢት ተቀምጧል። ከዚህ በላይ የመቀጠል አቅም የለኝም። ጎረቤት «ቀለም አስቀብተህ ሽጣት» ይለኛል፣ ደላላው በብረት ዋጋ ይጠይቀኛል፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ፈላጊ ደግሞ ፎቶ ላክልኝ ብሏል። ከየት ልጀምር?
ባለ ቮልሱ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ቀለሙን ይተዉት። እንዲህ ያለች መኪና የሚገዛ ሰው ብረቱን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ትኩስ ቀለም ካየ ከሥሩ ስቱኮ (የተበላ ብረት የሚሸፈንበት ልስን) አለ ብሎ ይጠረጥራል፣ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም፤ ማግኔት አውጥቶ ፓራፋንጎውንና የስፖርቴሎውን (የበሩን) ታች መሞከሩ አይቀርም። የግራው ወለል ሲበየድ ቀለሙ ስለሚቃጠል ወጪዎ ተመልሶ አይመጣም። መኪናዎን ከብረት ዋጋ የሚያወጣት ወረቀቷ፣ ቁጥሯና የዕቃዋ ሙሉነት ነው።

ስለዚህ በቅድሚያ ሊብሬውን ይዘው ወደ መኪናዋ ይሂዱ። የኋላ መቀመጫውን ሲያነሡት፣ በወለሉ መካከል ጎበጥ ብሎ በሚያልፈው ብረት ላይ የሻንሲ ቁጥሩን ተመትቶ ያገኙታል። የ1966 ሞዴል ከሆነች በ116 ይጀምራል፤ 11 የመኪናዋ ዓይነት ነው፣ 6ቱ የሞዴሉ ዓመት። ፋብሪካው የሚቀጥለውን ዓመት ሞዴል ማውጣት የሚጀምረው በኦገስት ስለነበር በ1965 መጨረሻ የተሠራችም 1966 ትባላለች። ሊብሬው ላይ 1958 የሚል ካገኙ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ነው፤ ገዥው ሳይጠራጠር እርስዎ ቀድመው ያስረዱት። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቆሚያ ሥር አለ። 1300 በ«ኤፍ»፣ 1200 በ«ዲ»፣ 1500 በ«ኤች» ይጀምራል። በዚህ ሁሉ ዓመት ሞተር የተለወጠላት ቮልስ ብዙ ናት፤ ሊብሬው «ኤፍ» እያለ ብረቱ «ዲ» ካለ የስም ዝውውሩ እዚያው ይቆማል። ልዩነት ካለ ገዥ ከመፈለግዎ በፊት ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ጋር ይጨርሱት። የማትንቀሳቀስ መኪና ስም በምን ሁኔታ እንደሚያዞሩ፣ ቁጥሯንም ያለችበት መጥተው ያዩ እንደሆነ በዚያው ይጠይቁ። ቁጥሩን ሲያጸዱ በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብለው ይሁን፤ ግራይንደር ከነካው የሚመልሰው የለም።

የግራውን ወለል ለሽያጭ ብለው አያስጀምሩ። ከስፖርቴሎው ሥር፣ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደው ሙቅ አየር የሚተላለፍበት የላሜራ ሣጥን ቦዲውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ነው። ወለል የበላ ዝገት እሱንም ሳይነካው አይቀርም። በያጁ ቦዲውን በብረት ሳይወጥር ሣጥኑን ከቆረጠው ቦዲው ይጎነብሳል፣ ከዚያ በኋላ ስፖርቴሎው በጉልበት ካልሆነ አይዘጋም። እርስዎ የሚያደርጉት ሣጥኑን በካቻቪቴ መውጋት፣ በስፖርቴሎው ዙሪያ ያለው ክፍተት ከላይም ከታችም እኩል መሆኑን ማየትና ያዩትን መጻፍ ነው። የቀኙን ብየዳ በጸረ ዝገት ቀለም ብቻ ሸፍነው ክፍት ይተዉት። በቮልስ ባትሪው የሚቀመጠው በቀኝ የኋላ መቀመጫ ሥር ስለሆነ አሲዱ አስቀድሞ የሚበላው ያንን ጥግ ነው፤ እሱ ተሠርቶ ማለቁ ጥሩ መሸጫዎ ነው፣ ፎቶውን ከላይም ከታችም ያንሡት።

አሁን ወደ ከረጢቱ። ይህ ሥራ ሁለት ቅዳሜ ይወስድብዎታል፣ ዋጋውን ግን ከሌላው ሁሉ የበለጠ የሚለውጠው እሱ ነው። ሸራ ዘርግተው ዕቃውን በሞተር፣ በፍሬን፣ በኤሌክትሪክ፣ በቦዲና በመስተዋት ይለዩት። ለእያንዳንዱ በእርሳስ የተጻፈ ካርቶን ይሰሩለት፤ የእስክሪብቶ ቀለም ዘይት ሲነካው ይጠፋል። ያለውን፣ የጎደለውንና የተሰበረውን በሦስት ዓምድ ይጻፉ።

በተለይ የሞተሩን ላሜራዎች አንድ በአንድ ይፈልጉ። ቮልስ ውኃ የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት ማራገቢያው የሚገፋው አየር ነው፣ አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩትም ላሜራዎቹ ናቸው። ትልቁ የማራገቢያ ቤት፣ የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳኖች፣ ከሲሊንደሮቹ ሥር የሚገቡት ትንንሾቹ፣ የፊትና የኋላ መዝጊያዎች፣ በሞተር ክፍሉ ዙሪያ ያለው ጎማ ሁሉም መኖር አለባቸው። ጎማው ወይም አንዱ መዝጊያ ከሌለ ከታች የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይሳባል፣ ሞተሩም ይግላል። ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ የአየሩን መንገድ የሚከፍተው ቴርሞስታትና ክንፎቹ በየጋራዡ እንደ ትርፍ ዕቃ ተጥለው ቀርተዋል፤ የእርስዎ ካለ በዝርዝሩ አናት ላይ ይጻፉት። መኪናዋ ጭድ አጠገብ ከቆመች የማራገቢያውን ቤት ውስጡን በባትሪ ያብሩበት። አይጥ ጎጆ የምትሠራው እዚያ ነው።

የ1966ቷ በ6 ቮልት የምትሠራ ስለሆነች ዲናሞው፣ ሞተሪኖው (ማስነሻው) እና አምፖሎቹ የ6 ቮልት መሆናቸውን ያረጋግጡ። የቮላኖውን (ሞተሪኖው የሚያዞረውን ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ጥርስ ይቁጠሩ፦ 109 ከሆነ የ6 ቮልት ነው፣ 130 ከሆነ የ12። የ12ቱ ቮላኖ ስለሚተልቅ የካምቢዮው ቤት ካልተሞረደ አይገባም፣ የቀድሞው ሞተሪኖም አይገጥመውም። ይህን ሳይነግሩት የሸጡለት ሰው ሞተሩን ሊያስገባ በተኛበት ቀን ይደውልልዎታል።

ዋጋን በተመለከተ፣ እስካሁን ያወጡትን አይደምሩ። በአካባቢዎ ተሠርታ የምትሄድ እንዲህ ያለች ቮልስ ስንት እንደምታወጣ ይጠይቁ። የቀረውን ሥራ ሁለት ጋራዦች በየፊናቸው በጽሑፍ ይገምቱልዎት፤ ከፍ ያለውን ግምት ይውሰዱና ሲፈታ ለሚገኘው ጉዳት ሲሶውን ይጨምሩበት። ይህን ከመጀመሪያው ሲቀንሱ የሚተርፈው የመነሻ ዋጋዎ ነው። ዕቃውን ለየብቻ መቸርቸር መጀመሪያ ላይ ያጓጓል፤ መስተዋቱና ፓራውልቱ ከሄዱ በኋላ ግን ቦዲውን ከብረት ዋጋ በላይ የሚጠይቅ አይመጣም።

ገዥው የአዲስ አበባ ከሆነ በሰንሰለት ተጎትታ እንድትሄድ አይፍቀዱ። የ1966 ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል፣ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በአይሱዙ ትጫን፣ በአራቱም ቸርኬ ትታሰር። ከመጫኗ በፊት ታንከሩ ይራገፍ። ቤንዚኑ ከፊት ተነሥቶ በወለሉ ውስጥ አልፎ ወደ ሞተሩ ስለሚመጣ፣ ሞተር በሌለበት የተከፈተው የቤንዚን ጎማ በማናቸውም ንቅናቄ ያፈሳል፤ ጫፉን በቡሎን ደፍነው በክላምፕ ያጥብቁት።

ውሉ ላይ «ሥራው ያላለቀ፣ የማትንቀሳቀስ መኪና» ተብሎ ይጻፍ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ይግቡ፤ የዕቃው ዝርዝርና የሚያውቁት ጉድለት ተያይዞ በየገጹ ይፈረምበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጩን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ጽፈው ያስፈረሙት ጉድለት ግን የተደበቀ አይባልም። መኪናዋ የአባትዎ ስለነበረች ሊብሬው አሁንም በእሳቸው ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ይቅደም፣ እህት ወንድሞችም ይፈርሙ። ባለትዳር ከሆኑ የባለቤትዎ ፈቃድም ሊጠየቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ እኔም 1300 ቮልስ እየሸጥኩ ነው። የገዥው መካኒክ ኮምፕሬሽን ለክቶ 6፣ 6.2፣ በሦስተኛው 3.8፣ በአራተኛው 6.1 ባር አገኘና «ሞተሩ አልቋል» አለ። መጽሐፉ ከ7 እስከ 9 ይላል። እውነቱን ነው?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ በሦስቱ ተሳስቷል፣ በአንዱ ልክ ነው። የመጽሐፉ ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 80 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ 7 የነበረው 5.6፣ 9 የነበረው 7.2 ሆኖ ይነበባል። የእርስዎ 6ዎች ደህና ናቸው። ይህም የሚሆነው በትክክል ከተለካ ነው፦ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ተረግጦ።

ሦስተኛው ሲሊንደር የቮልስ የታወቀ ደካማ ጎን ነው። በዚያ ዘመን ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ ከሱ በላይ ስለተቀመጠ የሚደርሰው አየር ያነሰና የሞቀ ነው፤ የጭስ ማውጫ ቫልቩም ቀድሞ ይቃጠላል። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ንባቡ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ እዚያው ከቀረ ቫልቩ ነው፣ ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሲሊንደሩ ራስ) ወርዶ ሊሠራ ይችላል። ቫልቩ ተቆርጦ ፒስቶኑን ሳይመታው በፊት ሞተሩን ደጋግሞ ማስነሣት ይቁም።

አንድ ነገር ይጨምሩ፦ የታችኛውን ፑሌጃ ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት። የኮሎው (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ጨዋታ ከ0.15 ሚ.ሜ ካለፈ የሞተሩ ቤት መከፈቱ አይቀርም፤ ያኔ ድርድሩ የአንድ ቴስታታ መሆኑ ይቀርና የሙሉ ሞተር ይሆናል። ሁሉንም ንባብ ከነቀኑ ጽፈው ለገዥው ይስጡት።

ጥያቄ፦ ገዥዬ «መኪናዋ ተሠርታ እስክትወጣ ስም ማዞር ምን ያደርጋል፣ ውክልና ስጠኝ» ይላል። ልስጠው?
ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ አይስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መኪና ለምታደርሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለንብረቱ ነው፣ የነዳት ሌላ ሰው ቢሆንም። ገዥው ከሁለት ዓመት በኋላ ጨርሷት ሰው ቢገጭ የሚፈለገው ሊብሬው ላይ ያለው ስም ነው። አሁን ማዞር ካልተቻለ ቀብድ ብቻ ተቀብለው መኪናዋንና ሊብሬውን እርስዎ ዘንድ ያቆዩ፤ ስም የሚዞርበት ቀን በውሉ ይቆረጥ፣ ቀሪው ገንዘብ በዚያው ቀን በባንክ ይግባ።